ከምንም የተሠራ አጥር

የእናቴን ፔርሙዝ የሰበርኩ ቀን ከውጭ የታየ ጉዳት አልነበረም። ቀዩ ቆርቆሮ አልተጨረመተም፤ ጎኑ ላይ የተሳለው ጽጌረዳ እንኳ አልተፋቀም። ከቡፌው ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ አረፈ፣ አንድ ጊዜ ነጥሮ ተንከባለለና ቆመ። ሳነሣው ግን ሆዱ ውስጥ እንደ ደቃቅ ጠጠር የሚንሿሿ ነገር ሰማሁ።

«ምንድነው እሱ?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ምንም!» አልኩ።

መዋሸቴ ነበር። እውነት ተናግሬ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ማታ አጎቴ መጣ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር ኪሱ ፒንሳና ናስትሮ አያጣም። ፔርሙዙን ከሥሩ ፈታና ስብርባሪውን ጋዜጣ ላይ ዘረገፈው። እኔ ተራ ጠርሙስ ነበር የጠበቅሁት፤ የወጣው መስተዋት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፊት ያሳያል። ማንም ፊቱን ለማያይበት ዕቃ ለምን መስተዋት እንዳበጁለት ግራ ገባኝ። ከታች በኩል ሳይሰበር የተረፈ አንድ ክፍል ነበር፤ መሐሉ ላይ እንደ ሽንኩርት ጫፍ የሾለች ትንሽ ነገር አለችው።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድናት?»

«አየሩን የመጠጡባት ቀዳዳ ናት። መጠው ሲጨርሱ በእሳት አቅልጠው ደፈኗት።»

«ከዚያስ ምን አስገቡበት?»

«ምን ያስገባሉ? ባዶውን ነው። ሽቦ በናስትሮ ይጠቀለላል፤ ፔርሙዝ ደግሞ በባዶ ይጠቀለላል።»

እናቴ ከዚያ ወዲህ ፔርሙዝ በገዛች ቁጥር አንድ ፈተና ነበራት። የፈላ ውሃ ሞልታ ትከድነውና ቡናዋን እስክትጨርስ ትተወዋለች። ከዚያ ጎኑን በመዳፏ ትዳስሳለች። ከሞቀ «ይሄ ሞቷል» ብላ ለሻጩ ትመልሳለች። ቀዝቃዛ ከሆነ ደስ ይላታል። ሙቀት እንዲይዝ የተገዛ ዕቃ ቀዝቃዛ በመሆኑ ሲመሰገን ያየሁት እዚያ ነው።

ባዶ ነገር ሙቀት ያግዳል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ የምናውቃቸው ማገጃዎች ሁሉ ወፍራም ናቸውና። ጋቢ እንደርባለን። የሣር ክዳን የሚወደደው በውፍረቱ ነው። ቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው የቀኑን ሐሩር፣ የሌሊቱን ቁር፣ ክረምት ሲገባም ሰው ከሰው የማያነጋግረውን የዝናብ ጩኸት ያውቀዋል፤ ኮርኒስ የሚመታውም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጋቢን «ይሞቃል» እንላለን እንጂ ጋቢ የራሱ እሳት የለውም። የሰውነታችንን ሙቀት ይዞ ማስቀረት ነው ሥራው። ሐምሌ ላይ የወረደ በረዶ ለቅማችሁ ግማሹን በሳህን፣ ግማሹን በጋቢ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡ ቀድሞ ውሃ የሚሆነው የሳህኑ ነው። ጋቢ ለሙቅም ለቀዝቃዛም አያዳላም፤ የሚያየው ማለፊያውን ብቻ ነው።

ፈረንጆቹ ይህን ሥራ የሚጠሩበት ቃል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችንም «ኢንሱሌሽን» የሚሉት፣ ከላቲኑ «ኢንሱላ» የመጣ ነው። ደሴት ማለት ነው። ቃሉን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጣና ነው፤ በክፉ ቀን ታቦትና ብራና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ይሻገር የነበረው ውሃው ግንብ ሆኖ አይደለም። በደሴቱና በጠላት መካከል መራመጃ የሚሆን መሬት ስለሌለ ነው።

ሙቀትም መራመጃ ይፈልጋል። ይህን በቴርሞሜትር ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ አሜሪካ ተወልዶ በባቫሪያ መንግሥት ሥር ያገለገለው ቤንጃሚን ቶምሰን፣ በማዕረግ ስሙ ካውንት ራምፎርድ ነው። በ1780ዎቹ (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሱፉን፣ ሐሩን፣ ጥጡን፣ ጸጉሩን እየለዋወጠ በቴርሞሜትር ዙሪያ ጠቀጠቀ። የሚያግደው ክሩ ብቻ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ተይዞ መላወሻ ያጣው አየር መሆኑን ደረሰበት። አየሩን ጭራሽ ቢያስወግደውስ? ቴርሞሜትሩን በሜርኩሪ ዘዴ አየሩ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠለው። ሙቀቱ በባዶው ውስጥ አዘገመ፤ ግን አለፈ። በምን ላይ ተራምዶ አለፈ? ራምፎርድ ጥያቄውን ሳይቋጨው ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሥራው አንዱ፣ በ1799 ለንደን ውስጥ ከሌሎች ጋር ሆኖ ያቋቋመው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ነው። ለጥያቄው መልስ በዕቃ የተሠራለት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ሕንጻ ውስጥ መሆኑ ይገርመኛል።

መልሱን የሠራው ጄምስ ዴዋር በ1842 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኪንካርዲን በምትባል በፎርዝ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው። ልጁ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው በረዶ በሠራ ውሃ ላይ ሲጫወት በረዶው ተሰብሮ ገባ። ከውሃው ወጣ፤ የያዘው የቁርጥማት ትኩሳት ግን ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ አዋለው፣ እግሩንም ጣቱንም አሰረው። ጣቶቹ እንዲፍታቱ ከሰፈሩ አናጢ ዘንድ ቫዮሊን መሥራት ተማረ። «ጄምስ ዴዋር 1854» የሚል ጽሑፍ ካለባቸው ቫዮሊኖቹ አንዱ በ1921 የጋብቻው 50ኛ ዓመት ሲከበር ተጫውተውበታል። ዴዋር ራሱ የእጁን ብልሃት ያገኘሁት ከዚያ ነው ይል ነበር። ቅዝቃዜን ዕድሜውን ሙሉ ያሳደደውን ሰው መጀመሪያ ቅዝቃዜው ራሱ ነው የያዘው።

በ1877 ዴዋር የሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያው ከእሱ በፊት ማይክል ፋራዴይ ብዙ ጋዞችን እየጨመቀና እያቀዘቀዘ ፈሳሽ አድርጓል። ኦክስጅን፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ግን እምቢ ብለውታል፤ «ቋሚ ጋዞች» የሚል ስምም ወጥቶላቸው ነበር። ዴዋር ሹመቱን በተቀበለበት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ካዬቴ፣ ጄኔቫ ውስጥ ደግሞ ፒክቴ፣ አንዱ ካንዱ ሳይገናኙ ኦክስጅንን ለቅጽበት ጉም አደረጉት። ቋሚነቱ ፈረሰ። በ1883 የክራኮዎቹ ቭሩብሌቭስኪና ኦልሼቭስኪ ያንን ጉም በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የሚታይ፣ የሚፈላ ፈሳሽ አደረጉት። ዴዋር የእነሱን መሣሪያ መሰል ሠርቶ በሚቀጥለው ዓመት ለለንደን ተመልካች አሳየ።

ፈሳሹ ከለስ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ክረምት ወጥቶ መስከረም ላይ ጠዋት የሚታየውን ሰማይ በብርጭቆ እንደ መቅዳት። ዴዋር ወደ ማግኔት ሲያቀርበው ተስቦ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ፤ ይህ በ1891 ነው። ችግሩ ግን አይቆይም። ኦክስጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ ላይ ነው። እኛ ለብ ያለ የምንለው የ20 ዲግሪ ክፍል ለእሱ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሞቀዋል። በረዶ ላይ ብታስቀምጡት እንኳ በረዶው እንደ ምጣድ ያፈላዋል። ብርጭቆ ውስጥ የተቀዳው እየተንተከተከ ይጎድላል፤ በዚያ ላይ የብርጭቆው ውጪ ወዲያው አመዳይ ይለብስና ውስጡን ይጋርዳል። የሮያል ኢንስቲትዩሽን ምድር ቤት ውስጥ ሞተርና ፓምፑ ሲጮህ ውሎ የተገኘች ጥቂት ፈሳሽ አንድ ሰው ሊመራመርባት ሲጎነበስ ትጠፋለች።

በዚህ ዘርፍ የነበሩ ሰዎች ጉልበታቸውን የጣሉት መሥራቱ ላይ ነበር፤ የተሻለ ፓምፕ፣ የበለጠ ግፊት። ለመጠበቁ የነበራቸው ብልሃት ቱቦን በቱቦ ውስጥ ማኖርና በመካከሉ ቀዝቃዛ ጋዝ ማሳለፍ ነበር። ይህ ቀዝቃዛውን በቀዝቃዛ መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቀውንም የሚጠብቅ ሌላ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፤ ወጪው አያልቅም። ዴዋርም ዓመታት እንዲሁ ደከመ። የሚያስቀው፣ መልሱ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት በገዛ እጁ አልፎ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ኤድንበራ ሳለ በፓላዲየም ላይ የሙቀት ልኬት ሲሠራ ከውጭ የሚገባው ሙቀት ልኬቱን እንዳያበላሽበት ዕቃውን አየር በወጣለት ነሐስ ከቦት ነበር። ሥራው አለቀ፤ ዕቃው ተቀመጠ። በ1892 ነው ያ የተረሳ ብልሃት ተመልሶ የመጣለት።

አንዱን ብርጭቆ በሌላው ውስጥ አደረገ። ሁለቱ የሚገናኙት አንገታቸው ላይ ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለውን አየር ለማውጣት ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ ትንሽ ሜርኩሪ ጨምሮ ማፍላት ነበር፤ የሜርኩሪው እንፋሎት አየሩን እየገፋ ያስወጣዋል። ከዚያ ቀዳዳዋን በእሳት አቅልጦ ደፈናት። ያቺ የሽንኩርት ጫፍ እንግዲህ የዚህ ዘር ናት።

ፈሳሹን ኦክስጅን ቀዳበት። መንተክተኩ ቀረ። ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። የውጪው ብርጭቆ አመዳይ አልለበሰም፤ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ሰማያዊው ወለል ብሎ ታየ። ዴዋር ማየት ብቻ አልበቃውም። ተኖ የሚወጣውን ጋዝ እየሰበሰበ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚሆን ለካ፤ ከዚያ የተደፈነችውን ጫፍ ሰብሮ አየር አስገባበትና እንደገና ለካ። ባዶው የሚገባውን ሙቀት ከአምስት እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ አውርዶታል።

ከአምስት ወደ አንድ መውረድ ብዙ ነው። ግን ለምን ፈጽሞ አልቀረም? የራምፎርድ ጥያቄ ይኸው ነው። ሙቀት ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው እንደ ማንኪያ እጀታ ከአካል ወደ አካል እየተቀባበለ ነው። ሁለተኛው አየር ወይም ውሃ ሲዘዋወር ተሸክሞት ነው። ለሁለቱም መራመጃ ያስፈልጋል፤ ባዶው ሁለቱንም ይዘጋል። ሦስተኛው ግን እንደ ብርሃን መፍለቅ ነው፤ ምንም አይሻም። የፀሐይ ሙቀት ያንን ሁሉ ባዶ ጠፈር አቋርጦ ጀርባችንን የሚያሞቀን በዚህ መንገድ ነው። ባዶው ለዚህኛው በር እንጂ አጥር አይደለም።

እዚህ ላይ ሜርኩሪው ራሱ ፍንጭ ሰጠ። ዴዋር ፈሳሹን ሲቀዳ በባዶው ውስጥ የቀረው የሜርኩሪ እንፋሎት በቀዝቃዛው በውስጠኛው ብርጭቆ ላይ እየረጋ የሚያብረቀርቅ መስተዋት ሠራ። ዕቃው ራሱን በራሱ ቀባ። የሚፈልቅ ሙቀት መስተዋት ሲያገኝ እንደ ብርሃን ይመለሳል። ዴዋር ይህን አይቶ ብርጭቆዎቹን ሆን ብሎ በብር አስቀባቸው። ባዶውና መስተዋቱ ሲተባበሩ የሚገባው ሙቀት ከ30 እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ወረደ። ጋዜጣ ላይ የተዘረገፈው የእናቴ ፔርሙዝ መስተዋት የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የተሠራው የሻዩ ሙቀት ፊቱን እንዲያይበት ነው ልበል?

ከዚህ በኋላ የቀረው መንገድ አንገቱ ብቻ ነው። ሁለቱ ብርጭቆዎች የሚነካኩት እዚያ በመሆኑ ሙቀት በቀጭኑ የብርጭቆ ከንፈር ላይ እየተንፏቀቀ ያልፋል፤ በክዳኑም በኩል ይሾልካል። ሙቀት ማዝገም እንጂ ፈጽሞ ማቆም አይቻልም፤ የጠዋት ሻይ ማታ ላይ ለብ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ባዶው ለድምፅም መራመጃ አይሆንም። ሮበርት ቦይል በ17ኛው መቶ ዘመን አየሩን እያወጣ በብርጭቆ ውስጥ ያለ ድምፅ እየሰለለ ሲሄድ አሳይቷል። ለቆርቆሮ ጣሪያ ከባዶ የተሠራ ኮርኒስ ቢኖር ክረምታችን ጸጥ ባለ ነበር።

ዴዋር በጥር 1893 ዕቃውን በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ለተሰበሰበው ሰው አሳየ። እነዚያ የዓርብ ማታ ትምህርቶች የለንደን ጨዋ ሁሉ ለብሶ የሚመጣባቸው ነበሩ። ከማንቆርቆሪያ እንደሚቀዳ ውሃ ፈሳሽ አየር ሲቀዳ ማየት ለዚያ ሰው ተአምር ነው። ለዴዋር ግን ዕቃው መሰላል እንጂ ግብ አልነበረም። መጠበቅ ከቻለ ማጠራቀም ይችላል፤ ያጠራቀመውን ቀዝቃዛ የበለጠ ቀዝቃዛ ለመሥራት ይጠቀምበታል። ግንቦት 10 ቀን 1898 ሃይድሮጅንን ፈሳሽ አደረገ፤ 20 ሴንቲሜትር ኪዩብ ያህል፣ የሻይ ብርጭቆ ሩብ እንኳ የማይሞላ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። ባዶ ቱቦ ወደ ውስጡ ሲነከር በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ራሱ በረዶ ሆኖ ታች ይዘቅጣል።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ከፍተኛ ግፊትና ፈንጂ ጋዝ ባለበት ምድር ቤት ውስጥ ሌኖክስና ሂዝ የተባሉት ረዳቶቹ በተለያዩ ፍንዳታዎች አንድ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። ሥራው ሲወራ የሚነሣው የዴዋር ስም ነው። የረዳቶቹ ስም የሚነሣው ዓይናቸው ሲነሣ ነው።

በ1905 ገደማ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ነው የሚጣፍጠኝ። ከሰል! በደንብ የቀዘቀዘ ከሰል በአጠገቡ ያለውን ጋዝ እንደ ደረቅ እንጀራ መረቅ ምጥጥ ያደርጋል። ጥቂት ከሰል በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ከተቀመጠ ፓምፕ የተወውን ትራፊ አየር ይለቅማል። በዚህ ብልሃት ብርጭቆው ቀርቶ ዕቃው ከብረት ሊሠራ ቻለ፤ ብረት አየር ቀስ በቀስ ቢያስገባም ከሰሉ ይውጠዋልና። እኛ ምድጃ ላይ አርገብግበን የምናቀጣጥለው ከሰል በዓለም ላይ ለነበረው ቅዝቃዜ ዘበኛ ሆነ።

የቀረው ሂሊየም ነበር። ዴዋር ግን ሂሊየሙን በእጁ ከያዘው ከዊልያም ራምሴ ጋር ተጣልቷል፤ ከብዙ ሰው ጋር ይጣላ ነበር። ሐምሌ 10 ቀን 1908 ሂሊየምን ፈሳሽ ያደረገው በሆላንድ ላይደን ያለው ካመርሊንግ ኦነስ ሆነ። ኦነስ ፈሳሹን ያቆየው በምን ይመስላችኋል? አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀመጡ፣ በብር በተቀቡ የዴዋር ብርጭቆዎች ነው። ዴዋር በራሱ ዕቃ ተቀደመ።

ሻይ ጠጪው ወደ ታሪኩ የሚገባው በበርሊን በኩል ነው። ራይንሆልድ ቡርገር ብርጭቆ ነፊ ነበር፤ ለላቦራቶሪ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ከአንድ ባልደረባው ጋር ነበረው። ዴዋር ያላየውን አየ፤ ቅዝቃዜ እንዳይገባ… ይቅርታ፣ ሙቀት እንዳይገባ የሚያግድ ዕቃ ሙቀት እንዳይወጣም ያግዳል። በረዶውን የሚጠብቀው ጋቢ እኛንም እንደሚጠብቀን ማለት ነው። ዴዋር ይህን አያውቅም ማለት አይደለም፤ ቡና የሚያስብበት ልብ ግን አልነበረውም። ቡርገር ተሰባሪውን ብርጭቆ በብረት ልብስ ውስጥ አስገባው፣ እንዳይላተም ደገፈው፣ ክዳን ሰጠውና በ1903 በጀርመን የፈጠራ መብት አስመዘገበው። በሚቀጥለው ዓመት ስም እንዲወጣለት ውድድር ተደረገ፤ ከግሪኩ «ሙቀት» የተወሰደው «ቴርሞስ» አሸነፈ ይባላል።

ዴዋር ዕቃውን በፈጠራ መብት አላስመዘገበም ነበር። ገበያ ላይ ሲያየው ተቆጣ፣ ከሰሰ፣ ተረታ። ሙቀት እንዳያልፍ አድርጎ የዘጋው ሰው ሐሳቡ የሚሾልክበትን አንገት ክፍት ትቶት ነበር። ስሙን የያዙት ኩባንያዎችም ኋላ ላይ ስሙን ራሱን መጠበቅ አቃታቸው፤ «ቴርሞስ» ከሰው ሁሉ አፍ ገብቶ የዕቃው መጠሪያ በመሆኑ፣ በ1963 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቃሉ የሕዝብ ሆኗል ብሎ ፈረደ። እኛ ቀድመን ወስነን ነበር፤ ለጆሮዬ «ፔርሙዝ» የዚያው የ«ቴርሞስ» የልጅ ልጅ ይመስለኛል፤ እናቴም ለማንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው የምትጠራው።

ሽማግሌው ዴዋር ግን ወደ ምን ሄደ? አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ረዳትም ገንዘብም ጠፋ፤ ትልልቁ ማሽን ቆመ። እሱ የሳሙና አረፋ መንፋት ያዘ። ቀልድ አይደለም። አቧራ በሌለበት፣ አየሩ በተጣራ፣ በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ የተነፋ አረፋ ምን ያህል እንደሚቆይና ቆዳው ምን ያህል እንደሚሳሳ ይለካ ነበር። ልጅ ሲነፋው ከአፍታ የማያልፈውን ነገር ለወራት አቆየው። መጋቢት 27 ቀን 1923 በ80 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች ዕቃውን እስከ ዛሬ «ዴዋር» ይሉታል።

ዴዋር የሚለው ስም ያልደረሰበት ቦታ ግን ዕቃው ደርሷል። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ዘንድ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ያለ መንደር፣ ጊደር ልትዳቀል አዳቃይ ቴክኒሻን ሲመጣ ነበርኩ። የኮርማው ዘር ቃሊቲ ካለው ማዕከል ተነሥቶ እዚህ በረት እስኪደርስ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መቆየት አለበት፤ አንድ ጊዜ ከሞቀ ያ ሁሉ ዘር ከንቱ ነው። ሰውየው ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ያመጣው የአሉሚኒየም እንስራ መሳይ ዕቃ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ድርብ፣ መካከሉ ባዶ።

ዘመዴ «በል እንጂ፣ ክፈተው!» ይላል፤ ጊደሯ ተወጥራ ታስራለች። ቴክኒሻኑ አልቸኮለም።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጋሼ» አለ። ጎንበስ ብሎ የዕቃውን ጎን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰ። አንገቱ ጋ ሲደርስ ጣቱን ዙሪያውን አዞረ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ላብ። ባዶው ካመለጠ ውጪው ያልበዋል፤ አንገቱም አመዳይ ይይዛል። ያኔ ውስጡ ያለው አልቋል ማለት ነው።»

እጁን አይቶ ሱሪው ላይ ጠረገው፤ ደረቅ ነበር። ክዳኑን ሲያነሣው ነጭ ጉም በአንገቱ ፈሰሰና ሣሩ ላይ ወርዶ ጠፋ።